እስከ አምስተኛው ኮፒ

የሰው በር አንኳኩቼ መልስ ሲጠፋ ደግሜ አላንኳኳም። ቆሜ እጠብቃለሁ። ፀሐይ እየመታኝ፣ የግቢው ውሻ እየጮኸብኝ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየኝ እጠብቃለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ይሉኛል። ጨዋነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ውስጥ ያለው ሰው ዝም ያለው ማንኳኳቴን አንድ በአንድ እያጠራቀመ ቢሆንስ? ኋላ በሩን ከፍቶ ለእያንዳንዷ መልስ ልስጥህ ቢለኝስ? እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም የምትሉ ካላችሁ፣ በኔ ደርሷል። ያውም ናዝሬት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንግዶች እያጨበጨቡ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያን ጊዜ አትክልት በሚገዛ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚዛን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቦታዬ ዓለም ጤና፣ ሥራዬ ሽንኩርት መመዘን። አራት ዓመት ሽንኩርት መዘንኩ። ባለቤቴ ናዝሬት አስተማሪ ናት፤ ልጃችንም እዚያው ተወለደች። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት እደርስና እሁድ እመለሳለሁ። ልጄን ላቅፋት ስጠጋ ዓይኗን እያሻሸች ታለቅሳለች። መጀመሪያ ናፍቆት መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ናት እውነቱን የነገረችኝ፤ ሽንኩርቱ ነው። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ ታሸሁ፣ በአመድ ተፈተግሁ። ያላለቀሰችብኝ ቅዳሜ አላስታውስም።

ከዚህ ያወጣኛል ብዬ ተስፋ የጣልኩበት ኮምፒዩተር ነበር። ለናዝሬት ቅርንጫፋችን አንድ ኮምፒዩተር በእርዳታ ተመደበና «ለመሠልጠን ፍላጎት ያለው ይመዝገብ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከኔ በስተቀር የተመዘገበ የለም። በዚያ ዘመን ፍላጎትን በጽሑፍ ማሳወቅ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ስላልነበር ሰው ሁሉ ማስታወቂያውን ከሩቅ አንብቦ ያልፍ ነበር። እኔም አላውቅም፤ ነገሩ ውስጥ ሽንኩርት እንደሌለበት ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት ሠለጠንኩ። ሃያ ሰው ለሦስት ማሽን ስለነበርን፣ ከስድስቱ ሳምንት አምስቱን ያሳለፍኩት የሰው ማጅራት በማየት ነው። አሠልጣኛችን ለመጨረሻው ቀን ከሰዓት ያቆየው ርዕስ ኪቦርዱ ነበር፤ ሰው ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚቀበለው። እኔም አሰብኩ። ይሄ ምን ትምህርት ይፈልጋል? ጣት ይጫናል፣ ማሽን ይቀበላል፣ አለቀ። ትምህርቱን ትቼ ለልጄ ጫማ ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። በማግስቱ አንድ ደግ ጓደኛዬ ያመለጠኝን የትምህርት ወረቀት ይዞልኝ መጣ፤ አመስግኜ ተቀበልኩት። ጫማው ናዝሬት ሲደርስ ጠበባት።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አጭር ንግግር የሚወዱ ሰው ናቸው። ጠርተውኝ እንዲህ አሉ፤ «ማሽኑ ከሠራ እዚሁ ናዝሬት ትመደባለህ። ካልሠራ ሚዛንህ አለች።» ከዚያ ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔም ከቢሯቸው ስወጣ ልጄን ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ በዓይነ ህሊናዬ አቀፍኳት።

የታዘዝኩት ሥራ ይሄ ነው። ከመቂና ከዓለም ጤና አትክልት ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መኪና ሁሉ እኛ ቢሮ ቆሞ የመውጫ ፈቃድ ይቀበላል። ፈቃዱ ካልተያዘ ኬላው ላይ ያለው ዘበኛ ገመዱን አያወርድም። ፈቃዱ በታይፕ የሚመታው አንድ በአንድ ስለነበር መኪኖቹ ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ፤ ቲማቲም ደግሞ ሰልፍ አያውቅም። እንግዲህ የኔ ፕሮግራም የሾፌሩን ስምና የመኪናውን ቁጥር ተቀብሎ፣ ዲስኩ ላይ መዝግቦ፣ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ፈቃዱን ማተም አለበት። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው፤ እሱ ግድ የለም፣ ዘበኛው ሁለቱንም አያነብም፤ የሚያየው ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የተመታውን ማኅተም ነው። ሁለት ወር ጻፍኩ። ሠራ! እኔ በራሴ ጣት ስሞክረው እንደ ሰዓት ሠራ።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው እኔ እንዳልሆንኩ አስታወቁኝ። ቁልፍ መምታት የታይፒስት ሥራ ስለሆነ ማሽኑ ላይ የሚቀመጡት እትዬ ፅጌ ናቸው።

እትዬ ፅጌ የቅርንጫፉ ታይፒስት ናቸው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚመቱ፣ ከሁላችንም በፊት የተቀጠሩ፣ ሰንበት ሰንበት ጸሎት ቤታቸው መዘምራን መሐል የሚቆሙ እናት። ትንሽ ሴት ናቸው። ጣታቸው ግን ትንሽ አይደለም። ታይፕ ሲመቱ የጎረቤት ክፍል የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። በመሥሪያ ቤታችን ማንኛውም ደብዳቤ በመሐሉ ካርቦን እየገባ በአምስት ኮፒ ነው የሚመታው፤ እሳቸውም ሁልጊዜ ለአምስተኛው ኮፒ ነው የሚመቱት። ቁልፉን በኃይል ይጫኑና መድረሱን እስኪያረጋግጡ ጣታቸውን አያነሱም።

ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ቁልፍ ተጭነህ ካላነሳህ ፊደሉ ይደጋገማል። ቶሎሳ የሚባለውን የመቂ ሾፌር ስም ለሙከራ ሲጽፉ የመጀመሪያው ፊደል አንድ መስመር ሙሉ ሄደ። እትዬ ፅጌ ማሽኑን በትዝብት አዩት።

«ይሄ ነገርህ ይንተባተባል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ጣትዎን ስላላነሱ ነው። ነካ አድርገው ይልቀቁት።»

«ካልተጫንኩት አምስተኛው ኮፒ ላይ በምን ይደርሳል?»

«አምስተኛ ኮፒ የለም እኮ! ካርቦንም የለም!»

«ለጊዜው ነዋ» አሉ።

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተባባልን። እሳቸውን መለወጥ ሲያቅተኝ ፕሮግራሙን ልለውጥ አልኩ። አንድ ፊደል ተከታትሎ ሲመጣ አንዱን ብቻ እንዲቀበል አደረግሁት። በራሴ ብልሃት ተደስቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ የመኪና ቁጥር 44055 ተጽፎ 405 ሆኗል። ሁሴን የሚባለው ሾፌርም በፈረንጅ ፊደል ከተጻፈው ስሙ ከሁለቱ ኤስ አንዱ ጎድሎበታል። መልሼ አጠፋሁት።

ከዚያ ቲማቲሙን አሰብኩ። ይሄ ሐሳብ የኔ ነው፤ ማንንም አልከስም። ከመቂ የመጣ ቀይ፣ የበሰለ ቲማቲም ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ «እትዬ፣ ልጡን ሳያፈነዱ ነካ፣ ነካ ያድርጉ» አልኳቸው። ሳይከፋቸው ጀመሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቲማቲም ላይ ተለማመዱ። የፈነዳውን እሳቸው ለወጥ ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። ሠራተኛው መስኮት ላይ ተደርድሮ ያየናል። አንዳንድ ቀን አምስት ድረስ ሳይፈነዳ ይሄድና ልቤ ይሞላል፤ ስድስተኛው ላይ እጅጌያቸው ቀይ ይሆናል።

አንድ ቀን ብስጭቴን መቆጣጠር አቃተኝ። «እትዬ፣ ግን ምን ሆነው ነው? የሰው ጣት እንዴት መቅለል ያቅተዋል?» ብዬ ጮኽኩ። ያፈረ ሰው ነው እንደዚያ የሚጮኸው። እትዬ ፅጌ ጣታቸውን በመሐረባቸው ጠረጉና በሩን አዩ፤ ማንም አልነበረም።

«በዚያ ክፉ ጊዜ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የስም ዝርዝር አስመቱኝ። አምስተኛው ኮፒ የሚሄደው እነሱ ዘንድ ነው። ካርቦኑ ያረጀ ነበር፣ እኔም ደክሞኛል፣ አንዱ ስም ደብዝዞ ሄደ። የሱን ስም የሚፈልጉት የሌላ ሰው አድርገው አነበቡት። የሚፈለገው ሰውዬ አለመሆኑ እስኪታወቅ አስራ አንድ ቀን እስር ቤት ተቀመጠ። ሲወጣ ሰላም አለኝ፤ የመታሁት እኔ መሆኔን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እጫናለሁ ልጄ።»

ቲማቲሞቹን ሰብስቤ በከረጢት አድርጌ ሰጠኋቸው።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ቀይ ጨርቅ ለበሰ። መፈክር ተሰቀለ። ከላይ የመጡ እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፤ ከነሱ መሐል የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ አሉ፤ በደረት ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ የሚሰኩ፣ ሲስቁ አይቻቸው የማላውቅ ሰው። ግቢው ውስጥ አምስት መኪና ቲማቲም ጭኖ ተሰልፏል። የመጀመሪያው ባለ ተራ ሾፌር ሁሴን ነው፤ አባቱ ከወሎ፣ እናቱ ከአርሲ፣ እሱ ራሱ በሁሉም ቋንቋ የሚቀልድ ሰው። ገና ሲገባ «አካም ቡልታን!» ብሎ አዳራሹን ሙሉ ሰላም አለና እትዬ ፅጌ ጀርባ ቆመ።

እትዬ ፅጌ ጀመሩ። ስሙን ነካ፣ ነካ፣ ነካ። አንድም ፊደል አልተደገመም። የመኪናውን ቁጥር ነካ፣ ነካ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ገለጥ አድርጌ ሳየው ልክ ነው! ልጄን አቅፌ የናዝሬትን የሰኞ ገበያ ስዞር ታየኝ። የቀረው ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። ነኩት። እንዴት ባለ ልስላሴ ነኩት!

ማሽኑ ዝም አለ።

ዝም ማለቱ ትክክል ነው። ዲስኩ ላይ እየመዘገበ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ይወስድበታል። እኔ ሁልጊዜ እጄን አጣጥፌ ስለምጠብቀው ግማሽ ደቂቃ መሆኑ ተሰምቶኝ አያውቅም። ከላይ የመጡ እንግዶች ፊት ግን ግማሽ ደቂቃ ረጅም ነው። አንዱ ሳለ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። እትዬ ፅጌ ወደኔ ዞር አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው፤ አልደረሰም፣ ቀልሎብኝ አልደረሰም የሚል። ከዚያ ኢንተርን ተጫኑት። የድሮውን አጫጫን።

«አይንኩት!» ልል አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

እዚህ ላይ መርካቶ ጫማ ስመርጥ ያመለጠኝን ትምህርት ልንገራችሁ። ኮምፒዩተር ሥራ ላይ ሆኖ ቁልፍ ብትጫኑ አልሰማም አይላችሁም። ይሰማል። ቁልፎቹን በተራ አሰልፎ ያስቀምጣቸዋል። ሰልፉ የሚይዘው አስራ አምስት ነው፤ ሲሞላ ማሽኑ ጢጥ ይላል። እትዬ ፅጌ ተጭነው ስለያዙት ሰልፉ ወዲያው ሞላና ጢጥ አለ። እሳቸውም መልስ መሰላቸው፤ ደስ ብሏቸው ጨመሩበት። ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ! አንዱ እንግዳ «ዘመናዊ ነው» አለ።

ሁለተኛው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ፈቃድ አትሞ ሲጨርስ «ሌላ ፈቃድ ይታተም? ከፈለጉ ኢንተርን ይጫኑ» ብሎ ይጠይቃል። ደግ ልሁን ብዬ ነው እንዲጠይቅ ያደረግሁት።

ማተሚያው እየጮኸ የመጀመሪያውን ፈቃድ አወጣ። ጭብጨባ! ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። ሁሴን ወረቀቱን ለመውሰድ እጁን ዘረጋ። ማሽኑ ሌላ ይታተም ወይ ሲል ጠየቀ፤ ከሰልፉ ፊት የቆመችው ኢንተር አዎ አለች። ሁለተኛው ፈቃድ ወጣ። ጭብጨባ። ሦስተኛው ወጣ፤ ጭብጨባው ሳሳ። አራተኛው፣ አምስተኛው ላይ እትዬ ፅጌ በእፎይታ ተነፈሱ። «አየህ?» አሉኝ፣ «አምስተኛው ደረሰ።» ስድስተኛው ወጣ። ሁሉም የሁሴን ስም፣ የሁሴን መኪና፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ አዲስ ተራ ቁጥር አለው። ሁሉም ሕጋዊ ነው! ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ማተሚያውን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ በግራና በቀኝ እያወዛወዘኝ አተመ። አስራ ስድስተኛው ላይ አቆመ።

«ያ ረቢ» አለ ሁሴን፣ «አስራ አምስት መኪና ልትጨምሩልኝ ነው?»

የሳቀ የለም። ሰብሳቢው ተነሥተው ወረቀቶቹን ከማተሚያው ላይ ቀደዱ፤ አጠፏቸው፤ ኪሳቸው ከቱ። ለአንድ መኪና አስራ ስድስት የመውጫ ፈቃድ! በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥር ለሚለው ቃል እንዲህ ያለ ጥሩ ማስረጃ የትም አይገኝም። ምርመራው እስኪያልቅ አንድም መኪና ንቅንቅ እንዳይል ታዘዘ። ሦስት ቀን ቆሙ። በሁለተኛው ቀን ከመኪኖቹ ሥር ቀይ ውሃ ወደ አስፋልቱ ይወርድ ጀመር። ሁሴን ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሳልፍ ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ ቲማቲም ጭኜ ሳልሳ ላደርስ ነው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ቃሌን በታይፕ የሚመዘግቡት እትዬ ፅጌ ነበሩ፤ ሌላ ታይፒስት የለማ። በአምስት ኮፒ።

«እነዚህ ፈቃዶች የተዘጋጁት ለማን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ለማንም አይደለም ጓድ። ቁልፎቹ ተሰልፈው ነው።»

«ማን አሰለፋቸው?»

እንዲገባቸው ብዬ ምሳሌ ፈለግሁ። ምሳሌ መፈለግ አልነበረብኝም። «ጓድ፣ ልክ እንደ ቀበሌ ሱቅ ማለት ነው። ስኳር ሲመጣ ሰው ተራ ይይዝና ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ሱቁ ሲከፈት ድንጋዩ ሁሉ እንደ ሰው ይቆጠራል።»

«የቀበሌ ሱቅ ለድንጋይ ስኳር ያድላል እያልክ ነው?»

«አይደለም ጓድ! ሰልፉን ለማለት ነው።»

«ሰልፉ ችግር አለበት?»

«የለበትም! ሰልፉ በጣም ጥሩ ነው!»

«ጥሩ ከሆነ አስራ ስድስት ፈቃድ ከየት መጣ?»

ታይፑ ቃሌን ተከትሎ ቷ ቷ ይላል። ድንገት ቆመ። እትዬ ፅጌ ከወንበራቸው ተነሥተዋል።

«እኔ ነኝ የተጫንኩት» አሉ። «ዝም አለኝ። መልስ ያልሰጠ ነገር ይደገማል። ልጁ እንዳልጫን ሦስት ሳምንት ለምኖኛል።»

ሰብሳቢው ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም። «እርስዎ ይጻፉ» አሉ።

«ይሄንንም ልጻፈው?»

«አይጻፉት።»

እትዬ ፅጌ ተቀምጠው ካርቦናቸውን አስተካከሉ። ውሳኔው በዚያው ወረቀት ላይ ተመታ። አሻጥር ለመኖሩ በቂ ማስረጃ ስላልተገኘ ከባድ እርምጃ አልተወሰደብኝም፤ ለዚህ አመስግን ተባልኩና አመሰገንኩ። ማሽኑ በጆንያ ተሸፍኖ ዕቃ ቤት ይግባ። እኔ ዓለም ጤና፣ ወደ ሚዛኔ፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ።

ዕቃዬን ስሸክፍ የልጄን ጠባብ ጫማ አነሳሁ። ይለጠጥ ብዬ ጫፉ ላይ የወተፍኩትን ወረቀት ሳወጣው ያ ጓደኛዬ ያመጣልኝ የትምህርት ወረቀት ነው። አንድ መስመር ከሥሩ ተሰምሮበታል፤ ጥያቄ ከማቅረብህ በፊት የተሰለፉትን ቁልፎች አስወግድ ይላል። አንድ መስመር! ሦስት ሳምንት ቲማቲም ስናፈነዳ፣ አንድ መስመር ጫማ ውስጥ ተቀምጧል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄም መጥታ አብራኝ አለቀሰች፤ ያን ቀን እንኳ በሽንኩርት አላሳብብም።

ዓለም ጤና እንደተመለስኩ ማመልከቻ ጻፍኩ። ከቤተሰቤ ተለይቼ ስለምኖር ወደ ናዝሬት እንድዛወር ይፈቀድልኝ፤ ከታላቅ አክብሮት ጋር። መልስ የለም። በወሩ ደገምኩ። መልስ የለም። እየቆየሁ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ። ይማራል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው አይደለሁም።

አንድ ጠዋት የሽንኩርት ጆንያ ሚዛን ላይ እያወጣሁ የጣቢያው ኃላፊ ወፍራም ፖስታ አቀበሉኝ። ውስጡ ሰባት ደብዳቤ አለ። ለሰባቱ ማመልከቻ ሰባት መልስ፣ የሁሉም ቀን አንድ፣ የሁሉም ቃል አንድ፤ ጥያቄዎ አልተፈቀደም። የጣቢያው ኃላፊ በግልባጭ የደረሳቸውን አምስተኛ ኮፒ ይዘው ነበር፤ አዘኔታ በሚመስል ነገር አሳዩኝ። በአምስተኛው ኮፒ ላይ እንኳ «አልተፈቀደም» የሚለው ጥቁር ሆኖ ከሩቅ ይነበባል። የማን ጣት እንደሆነ አላጣሁትም።

ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እያጠፍኩ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ከማኅተሙ በታች አንድ ነገር አየሁ። አቧራ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤ አልጠፋም። ወደ ብርሃን አዞርኩት። በታይፕ የተመታ ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱን የነካውም ያልነካውም ይመስላል። «አይዞህ ልጄ» ይላል።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄጄ የሰባተኛውን ግልባጭ አንድ ጊዜ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። እሳቸው እጅ ያለው ኮፒ ላይ ከማኅተሙ በታች ምንም የለም፤ ነጭ ወረቀት ነው። እትዬ ፅጌ ነካ አድርገው ለቀቁት ማለት ነው።